የራስህን ብስክሌት ይዘህ ሂድ፤ ካልሆነ ጥርሱን ቆጥረህ ተረከብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ማታ አየሁት። ፍራንክፈርት እንደምትኖርና ሰመር ላይ ለአንድ ሳምንት ፈረንሳይ አልፕስ ሄደህ በአስፋልት ብስክሌት ዳገት መውጣት እንደምትፈልግ ጽፈሃል። ብስክሌት እዚያው ልከራይ ወይስ የራሴን ልውሰድ፣ መቼ ልሂድ፣ አዲስ አበባ ስላደግኩ ከፍታው አያስቸግረኝም አይደል ነው ያልከው። ሌሎቹ «በርታ፣ ትችላለህ» ብለውህ አልፈዋል። እኔ ሽቱትጋርት ነው የምኖረው። እዚያው ሄጃለሁ፣ ገንዘቤንም ተበልቻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

1. ማረፊያ። ቡር ዱዋዛን ያዝ። ከግሬኖብል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ አውቶቡስ አለ። ከፍታዋ 720 ሜትር ነው፣ ዙሪያዋን ተራራ ነው። አልፕ ዱዌዝ፣ ክሯ ደ ፌር፣ ጋሊቢየ የሚባሉትን ዳገቶች ሁሉንም ከዚያ ተነስተህ በዚያው ቀን ትመለሳለህ። በየቀኑ ሆቴል እየቀየርክ ሻንጣ አትጎትት።

2. ብስክሌት። ዋናው ነገር ይሄ ስለሆነ ከነታሪኩ ልንገርህ።

ከመሄዴ ብዙ ቀደም ብዬ ለአንድ አከራይ ሱቅ ጻፍኩ። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ልኩ 54 ይሁን፤ ጊሩ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርሳም ክብ፣ ከፊት ትንሹ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 34 ጥርስ ይሁን። «ተይዞልሃል» ብለው በኢሜይል መለሱልኝ፣ ሙሉ ክፍያውንም ከካርዴ ወሰዱ። ስደርስ ያቀረቡልኝ ብስክሌት ግን ከፊት 36፣ ከኋላ 28 ነው። ኢሜይሉን አሳየሁት። ሰውየው ስልኬን ለማየት እንኳ ቀና አላለም። «ሁሉም ሰው በዚህ ነው የሚወጣው» አለኝ። እንግዲያው ገንዘቤን መልስልኝ ስለው፣ የተከፈለ አይመለስም ብሎ ከኋላዬ የቆሙትን ጠራ። እነሱን ውሃ ጋብዞ፣ ቁመታቸውን ለክቶ፣ ኮርቻቸውን አስተካክሎ ነው የሸኛቸው። ያ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጥቂት ጥርስ ምን ለውጥ ያመጣል ትል ይሆናል። ሂሳቡን እይልኝ። በ36 እና በ28 ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞር ብስክሌቱ 2 ሜትር ከ70 ይሄዳል። በ34 እና በ34 ከሆነ 2 ሜትር ከ10 ገደማ ነው። እንደ እኔና እንደ አንተ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚነዳ ሰው አልፕ ዱዌዝ ላይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ከሄደ ጥሩ ነው። በዚያ ፍጥነት በመጀመሪያው ጊር እግርህ በደቂቃ 49 ጊዜ ይዞራል፣ በሁለተኛው 63 ጊዜ። 63 ላይ ትተነፍሳለህ፣ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር ታወራለህ። 49 ላይ እያንዳንዱ ዙር ጉልበትህ ላይ ነው የሚያርፈው። ዳገቱ 13.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ በአማካይ 8.1 በመቶ። ክፉው ደግሞ ገና ሰውነትህ ሳይሟሟቅ የምታገኘው የታችኛው ክፍል ነው። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ጉልበትህን እያስፈጨህ መውጣት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሳምንቱን ቀሪ ቀን በምን እግር ትነዳለህ?

እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላ ጠባብ ሱቅ አገኘሁ። ሸምገል ያለ መካኒክ ብስክሌቱን ገለባብጦ አየው። የኋላው ጊር ቀያሪ ክንዱ አጭር ስለሆነ 34 እንደማይቀበል፣ የሚችለው እስከ 30 እንደሆነ አስረዳኝ። ከኪሴ ከፍዬ 30ውን አስገባልኝ፤ ሰንሰለቱን፣ ፍሬኑንም ሳልጠይቀው አየልኝ። የመጀመሪያው ቀን በዚህ አለቀ። በማግስቱ ግን አልፕ ዱዌዝን አንዴም እግሬን መሬት ሳላስነካ ወጣሁት። ኩርባዎቹ 21 ናቸው፣ ቁጥራቸው ከታች 21 ብሎ ይጀምርና ወደ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። በየኩርባው ቱር ደ ፍራንስ፣ የፈረንሳዩ ትልቅ የብስክሌት ውድድር፣ እዚያ ሲወጣ ያሸነፉ ሰዎች ስም ተለጥፏል። ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፣ ያሸነፈውም ጣሊያናዊው ፋውስቶ ኮፒ። ያንን ስም እያነበብኩ፣ ይበቃሃል የተባልኩትን ጊር በራሴ ገንዘብ አስቀይሬ፣ ሳልወርድ ጨረስኩት። በዚህ ሁልጊዜ እኮራለሁ።

ጣጣው ግን አላለቀም። ብስክሌቱን ስመልስ የካርቦን አካሉ ላይ ጭረት አለ ብለው ካስያዝኩት የመያዣ ገንዘብ ላይ ቆረጡብኝ። ስረከብ በሩ ላይ ቆሜ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በስልኬ ቀርጬው ነበር። ጭረቱ ቪዲዮው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለቤቱ የለም፣ በኢሜይል ጻፍ ተባልኩ። ጻፍኩ፣ የሚመልስ ጠፋ። ቤቴ ስገባ ቪዲዮውን፣ ውሉንና የመጀመሪያውን ኢሜይል አያይዤ ካርዱን ለሰጠኝ ባንክ አቤቱታ አስገባሁ። ጊዜ ወሰደ፣ ግን የመያዣው ገንዘብ ተመለሰልኝ። የጊሩን ወጪና የባከነውን ቀን የመለሰልኝ ግን የለም።

ስለዚህ መልሴ ግልጽ ነው፤ የራስህን ውሰድ። ከፍራንክፈርት በመኪና ትችላለህ። በፈረንሳይ ፈጣን ባቡር ከሆነ ወይ ፈትተህ በከረጢት ትጭነዋለህ፣ ወይ የብስክሌት ቦታ ያለበትን ፈልገህ አስቀድመህ ትይዛለህ። ጊሩን ሰፈርህ ካለው መካኒክ ዘንድ ከመሄድህ በፊት አስቀይር፣ የፍሬን ሸራውንም አዲስ አድርግ። የግድ የምትከራይ ከሆነ ደግሞ ጥርሱ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፤ ጎንበስ ብለህ አንብበው፣ ካልተጻፈም ቁጠረው። ሳታይ አትፈርም። በክሬዲት ካርድ ክፈል፣ መልሶ ለመጠየቅ ይቀላል። ቪዲዮውን ሱቁ ውስጥ፣ ሰውየው እያየህ ቅረጽ።

3. ከፍታ። እኔ ደብረ ብርሃን ነው ያደግኩት። ጋሊቢየ ጫፉ 2,642 ሜትር ነው፤ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ የቆመ ሰው ከዚያ በላይ ነው። የአልፕ ዱዌዝ ጫፍም ከቦሌ ያንሳል። ይሄን ለጀርመን ጓደኞቼ ስነግራቸው ካርታ አውጥተው ነው ያመኑኝ። ግን አትሸወድ። ደም ከፍታውን የሚለምደው እዚያ እስከኖርክ ድረስ ነው። ፍራንክፈርት ከባህር ወለል 100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ወራት ከቆየህ የአዲስ አበባው ልምድ ሄዷል። ከ2,000 ሜትር በላይ ትንፋሽህ ሲያጥር አትደንግጥ፣ ፍጥነትህን ቀንስ።

ጋሊቢየን ከቡር ዱዋዛን ሎታሬ በሚባለው የተራራ መተላለፊያ በኩል ውጣው። ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ግን አብዛኛው ቀስ እያለ የሚወጣ ነው። መንገዱ ላይ ረጃጅም ዋሻዎች አሉ፤ የፊትና የኋላ መብራት ሳትይዝ እንዳትገባ። ከከተማው እስከ ጫፉ ወደ 1,900 ሜትር ትወጣለህ። ያ ማለት በአማካይ 12 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፣ ንፋሱን ሳይጨምር። ታች በካናቴራ ላብ ሲያጠምቅህ ላይ ጣትህ ፍሬን አልይዝ ይላል። ንፋስ የማያስገባ ጃኬትና ሙሉ ጓንት ኪስህ ውስጥ ይኑር። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይወዳል፣ ስለዚህ በጠዋት ተነሳ። ስትወርድ ፍሬኑን ከኩርባው በፊት ያዝና ልቀቀው፤ ቁልቁለቱን ሙሉ እንደያዝክ አትውረድ፣ ይግላል።

ጫፉ ላይ አንድ ፈረንሳዊ ሽማግሌ ፊቴን አይቶ «ግርማይ!» ብሎ ጮኸ። ብስክሌተኛው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ቀን አሸንፎ በነጥብ አንደኛ የሚወጣ የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ከወሰደ ወዲህ እዚያ ተራራ ላይ የሐበሻ ፊት ያየ ሁሉ ስሙን ይጠራል። ቢንያም ኤርትራዊ ነው፣ እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ አልኩት። የሀገሬ ልጅ ፅጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ነገርኩት። ሁለት ግርማይ ሲሰማ ደስ ብሎት አቅፎኝ ፎቶ ተነሳን። ከሱቁ ሰውዬ በኋላ ያ ሽማግሌ ለእኔ ትልቅ ካሳ ነበር።

4. ጊዜ። ጋሊቢየ በአውሮፓው ክረምት በበረዶ ዝግ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን ነው። የምትጾም ከሆነ ደግሞ ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ያም ጁላይ 12 ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ይገባል። በእነዚህ መካከል ሂድ። በእነዚያ ተራሮች ያለው ምግብ አይብ፣ እንቁላልና ሥጋ ነው፤ የጾም ፈልገህ በባዶ ሆድ ዳገት እንዳትወጣ። ቱር ደ ፍራንስ የሚያልፍበት ቀን መንገድ ይዘጋል፣ ሆቴልም ይወደዳል፣ ስለዚህ ካርታውን ቀድመህ እይ። ሰመር ላይ አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ተራራውን ለመኪና ዘግተው ለብስክሌት ብቻ ይለቁታል። ቀኖቹን የቱሪስት ቢሮው ይነግርሃል።

ለኪስህ በሶ በማር ለውሰህ፣ በትንንሹ ጠቅልለህ ያዝ። የሱቁ ጣፋጭ ጄል ከሁለተኛው ሰዓት በኋላ ሆዴን ያቅለሸልሸዋል፣ በሶው ግን ቀጥ አድርጎ ያወጣኛል። ዳቦ ቆሎም ጥሩ ነው፣ ዳገት ላይ ለማኘክ ግን ትንፋሽ ይጠይቃል።

ሁሉንም ተራራ በተከታታይ ቀን አትደርድር። አልፕ ዱዌዝን አስቀድም፣ ቀጥሎ አንድ ቀን ሜዳው ላይ እግርህን አፍታታ፣ ከዚያ ጋሊቢየ። ክሯ ደ ፌርን እግርህ ከለመደ በኋላ አድርገው። መሃል ላይ ያወርድህና ያገኘኸውን ከፍታ መልሶ ያስከፍልሃል፣ ወዲያው ደግሞ ቀጥ ያለ ዳገት ያመጣብሃል። በየኪሎ ሜትሩ የቆመው ምልክት የሚቀጥለው ኪሎ ሜትር ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግርሃል፤ እሱን እያየህ ጉልበትህን መጥነው።

የብስክሌትህን ጊር ፎቶ አንስተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ ስንት ጥርስ እንደሚቀበል አይቼ እነግርሃለሁ። የዚያን ደግ መካኒክ ሱቅም የት እንደሆነ እጠቁምሃለሁ።