አቦል ላይ ሰው አለ ወይ?

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ወደ ሰማይ ያንጋጠጡ ናቸው። ቄስም ሼህም አይደለሁም፤ የማውቀውን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ «አቦል» የሚባል ፕላኔት አለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ የደሴ ልጆች ፈጠራ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች አንዳንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ እሱን የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባሉ። ቶናና በረካ ገና አልተገኙም። ሰው ይኖርበታል ብለህ ግን ተስፋ አታድርግ። ከጁፒተር የሚበልጥ የጋዝ ፕላኔት ነው፤ እግር የሚያሳርፍ መሬት የለውም።

ጥያቄ፦ ሳይንቲስቶቹ ሕይወት አግኝተው ደብቀውን ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ አላገኙም። ከፀሐያችን ቤተሰብ ውጪ ከ5,000 በላይ ፕላኔቶች ታውቀዋል፤ ሕይወት እንዳለበት የተረጋገጠ አንድም የለም።

ጥያቄ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ነው። ቡና ላይ ይኸው ወሬ ተነስቶ ሳንስማማ አደርን። ኤሊየን ቢገኝ የማንኛችን ሃይማኖት ይቸገራል? (ከወልዲያ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ በዚህ ነገር ሊቃውንቱም ተከራክረውበታል። ባንቺ በኩል፣ ቁርኣን ሱረቱ ሹራ 29 ላይ አላህ በሰማያትና በምድር ተንቀሳቃሽ ፍጡራንን እንደበተነ ይናገራል። የሰማዮቹ መላእክት ናቸው ያሉ አሉ፤ ሌላ ፍጡርም ሊሆን ይችላል ያሉም አሉ። በሩ አልተዘጋም።

በሱ በኩልም የሌላ ፍጡር መኖር ብቻውን አያስደነግጥም። ፈጣሪ ሁሉን ቻይ ነው ካልን፣ አንድ ዓለም ብቻ ፍጠር ብሎ የሚወስንበት የለም። የሚከብደው ድኅነቱ ነው። ክርስቶስ ሰው የሆነው ለአዳም ልጆች ነው። አዳም አባታቸው ያልሆነ ፍጡራን በደል አለባቸው? ካለባቸውስ በማን ይድናሉ? በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጊዮም ደ ቮሩይዮን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ ይህንኑ አንስቶ ነበር። የክርስቶስ ሞት ለነሱም ይበቃል፣ እዚያ ሄዶ ዳግመኛ መሞት ግን አይገባውም አለ። ቴሌስኮፕ ገና ባልተሠራበት ዘመን!

ፍረድ ካልሽኝ፣ ጥያቄው እሱ ላይ ይጠነክራል። ደግሞ አሸነፍኩህ ብለሽ ቤት እንዳትበጠብጪ። የከበደ ጥያቄ መልስ የለውም ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ኤሊየን የሚሉት ጂን አይደል እንዴ? (ከባቲ)

መልስ፦ አይመስለኝም። ጂን ከእሳት የተፈጠረ፣ እዚሁ ምድር ላይ አብሮን ያለ ነው ተብሎ የሚታመን ነው። ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉት ውሃ የሚሻ፣ ምናልባትም በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ጂን በቴሌስኮፕ አይፈለግም።

ጥያቄ፦ ሕዋ ላይ የወጣ ሰው ሲሰግድ ቂብላው (የሚዞርበት አቅጣጫ) ወዴት ነው? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ይቺን ወደድኳት። እ.ኤ.አ. በ2007 ማሌዥያዊው ሼክ ሙዛፋር ሹኮር በረመዳን ወደ ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ሲሄድ፣ የአገሩ ዑለማዎች መመሪያ አወጡለት። ከተቻለ ወደ ካዕባ፣ ካልተቻለ ከካዕባ በላይ ወዳለው ሰማይ፣ ካልሆነ ወደ ምድር፣ እሱም ካልሆነ ወደተመቸው ይዙር ተባለ። ሰዓቱስ? ጣቢያው በቀን 16 ጊዜ ያህል ምድርን ይዞራል። በየፀሐይ መውጫው ቢቆጠር በቀን 80 ሶላት ሊደርስበት ነው። ስለዚህ በተነሳበት በባይኮኑር ሰዓት አምስቱን ብቻ ይስገድ አሉት። መንገደኛ ስለሆነም ማሳጠር ተፈቀደለት።