የጎደለውን ገንዳ በጨው ውሃ አይሙሉ

ከሸዋ ሮቢት የጻፉልን ጠያቂ ጓሯቸው ውስጥ 6,000 ሊትር በሚይዝ፣ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው የሲሚንቶ ገንዳ ቆሮሶ ያረባሉ። ጨው በሽታ ይከላከላል ተብለው በሊትር 10 ግራም ጨምረዋል። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ውሃው በሳምንት 5 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል። እሳቸውም ጨው በዚያው መጠን በጥብጠው ይሞላሉ። አሁን ዓሦቹ መብላት ቀንሰዋል፤ ማለዳ ላይ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ።

ችግሩ አሞላልዎ ላይ ነው። ፀሐይ የምትወስደው ውሃውን ነው፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል። 5 ሳንቲ ሜትር ማለት በእርስዎ ገንዳ 300 ሊትር ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ 3 ኪሎ ጨው እየጨመሩ ነው። ሲጀምሩ 60 ኪሎ ነበር፤ በ20 ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ይህ ያህል ጨው ቆሮሶን ያስጨንቀዋል። ጨው የበዛበትና የሞቀ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ በተለይ ሊነጋ ሲል።

ከመጀመርዎ በፊት ይለኩ። ከገንዳው 1 ሊትር ቀድተው፣ አስቀድመው በመዘኑት ንጹሕ ድስት ውሃው እስኪያልቅ ያፍሉት። መጨረሻ ላይ እሳቱን ይቀንሱ፤ ጨዉ እየፈነጠረ ይወጣል። ድስቱ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ መልሰው ይመዝኑት። ልዩነቱ ወደ 20 ግራም ከተጠጋ ነገሩ ያልኩት ነው።

አንድ ነገር ግን ያጣሩ፦ ገንዳው ያፈስ ይሆናል። ባልዲ በገንዳው ውሃ ሞልተው እዚያው ገንዳ ውስጥ ደረጃ ላይ ያስቀምጡ። የሁለቱንም ልክ ምልክት ያድርጉና በማግስቱ ይዩ። እኩል ከቀነሱ ትነት ነው። ገንዳው ከባልዲው የበለጠ ከጎደለ ስንጥቅ ይፈልጉ። አጠገቡ ሎሚ ወይም ማንጎ ካለዎት ቅጠሉን ይመልከቱ፤ ጫፉ እየነደደ ከሆነ ጨዉ ሥሩ ደርሷል።

ትነት ከሆነ በቀን ሦስት በርሜል፣ 600 ሊትር ገደማ፣ ቀድተው ያውጡና በንጹሕ ውሃ ይተኩ። በአንድ ሳምንት ጨዉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በአንዴ አይቀይሩ፤ ዓሦቹን ይጎዳል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ክፍት በርሜል ውስጥ ያሳድሩት። የወጣውን ውሃ አትክልት ላይ አይድፉት፤ ከጉድጓድ ውሃም ያርቁት።

ከዚያ በኋላ የተነነውን ሁልጊዜ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይሙሉ። የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ ግን ጨዉን ቀስ በቀስ ጨርሰው ያውጡት። ቆሮሶ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ነው። ጨው ለታመመ ዓሣ ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት እንጂ የዘወትር መኖሪያው አይደለም። የገንዳዎን ፌሮም ውስጥ ውስጡን ያዝገዋል።