የከተራ ዕለት የተወለደው ልጅ ስንት ወሩ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሕፃናት አመጋገብ ላይ በሚሠራ ጥናት የዳታ አስተባባሪ ነኝ። ሦስት ጣቢያ አለን። መረጃው በወረቀት ይሞላና እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይገባል። በሁለቱ ጣቢያዎች የቀነጨሩ ልጆች ብዙ ናቸው፣ በሦስተኛው ግን የሉም ማለት ይቻላል። አለቃዬ "የሚያጠራጥረውን ሰርዢና ሪፖርቱን ላኪ" ይለኛል። ልሰርዝ?
አስተባባሪዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ በጭራሽ እንዳትሰርዢ! እያንዳንዷ መስመር ልጇን አዝላ ጣቢያው ድረስ የመጣች እናት ናት።

መጀመሪያ የልደት ቀኑን እዪ። መቀንጨር የሚታወቀው ቁመት ከዕድሜ ጋር ተመሳክሮ ስለሆነ፣ ዕድሜው ከተሳሳተ የቁመት መለኪያሽ የቱንም ያህል ልክ ቢሆን ዋጋ የለውም። እናትየዋ "የከተራ ዕለት ወለድኩት" አለች እንበል፣ ጥር 10 ቀን 2015። መዝጋቢው 10/5/2015 ብሎ እንዳለ ቢያስገባው፣ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ልጁ ትልቅ ልጅ ይሆናል፣ ወዲያው ይታወቅሻል። የሚያስፈራው ዓመቱ ላይ ብቻ 8 ደምሮ 10/5/2023 ካለ ነው። ኮምፒውተሩ ሜይ 10 ብሎ ያነበዋል። ከተራ ግን የዋለው ጃንዋሪ 18 ነበር። ልጁ 112 ቀን አነሰ ማለት ነው። በዕድሜ ሲያንስ ቁመቱ ደህና ይመስላል፣ መቀንጨሩም ይደበቃል፣ ቁጥሩ ደግሞ ጤነኛ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። የጳጉሜ ልጆችማ ይባስ፣ ኮምፒውተሩ 13ኛ ወር አልቀበልም ሲል መዝጋቢው 12 ወይም 1 ብሎ ያልፋል።

ስለዚህ ጣቢያዎቹ ቀን መቀየር ያቁሙ። እናትየዋ የነገረቻቸውን በእኛው አቆጣጠር ይጻፉ፣ ወሩን ከ13ቱ ስሞች ይምረጡ፣ የክትባት ካርድ ካለ ያመሳክሩ። ቅየራው አንቺ ጋ ብቻ፣ በአንድ ቀመር ይሠራ። የመጀመሪያው ጽሑፍም አይነካ።

አለካኩንም ጠይቂ። ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተኝቶ ነው የሚለካው፣ ከዚያ በላይ ቆሞ። በሁለቱ መካከል 0.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ልዩነት ስላለ ዕድሜው ከተምታታ ይሄም አብሮ ይምታታል።

የእናቶችንም ምግብ "ትናንት ምን በላሽ?" እያላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚጠየቅ እዪ። አንዱ ጣቢያ ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ ከሄደ የሚመዘግበው የረቡዕንና የዓርብን ጾም ነው። ወተትም እንቁላልም የማይበላ አገር መስሎ ይታይሻል። የመጠይቁ ቀናት በሁሉም ጣቢያ ለሳምንቱ እኩል ይከፋፈሉ።

ለአለቃሽ ሁለት ቀን ስጠኝ በይው። ነገ ጠዋት ለሦስተኛው ጣቢያ ደውዪና የልጆቹን ስም ሸፍነው ሦስት ቅጽ ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ፤ አንድ የጥር፣ አንድ የግንቦት፣ አንድ የጳጉሜ። ወረቀቱን ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ጋር ጎን ለጎን አድርጊና ቀኑ የት ላይ እንደተቀየረ እዪ።