ጥያቄና መልስ፦ የማእድ ቤት እሳት፣ የእንጀራ ትርፍና ወደ ጣና የሚወርደው እጣቢ

የባሕር ዳር ሰፈሮችና የዘጌ ሰዎች በማእድ ቤት ብክነት እንዴት እንደሚቀነስ እየጠየቃችሁ ነው፤ የምትጠይቁትን ሁሉ አምጡ። ከምጣዱና ከከሰሉ ብንጀምር ይሻላል፤ ፌስታል መቀነሱም ደግ ነው፣ ትልቁ ብክነት ያለው ግን እሳቱ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከፋሲሎ)፦ እትዬ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው የምጋግረው። ቆጣሪው ሲሮጥ ያስደነግጠኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የተለመደው ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ሸክላው እስኪግል 15 ደቂቃ ከፈጀ፣ አንድም እንጀራ ሳይወጣ ወደ 0.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ሄደ። አንዱ እንጀራ ከነማሰሻው 3 ደቂቃ ቢወስድ፣ በዚያው ኃይል 5 እንጀራ ይወጣ ነበር። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ስድስት ሰባት እየጋገርሽ ምጣዱን ደጋግመሽ አታግይ። ከጎረቤትሽ ጋር የመጋገሪያ ቀን አስማሙና በአንድ ምጣድ ተከታተሉ። አብሲቱ ተጥሎ ሊጡ ኩፍ ሳይል፣ ማሰሻውና ሰፌዱ ሳይቀርብ ማብሪያውን አትንኪ። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራ ሲቀሩ አጥፊው፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ያወጣቸዋል። ዓይን አላወጣ ካለ ቀድመሽ አጥፍተሻል ማለት ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ ሲቀር አጥፊ። አክንባሎው ካልገጠመም እንፋሎቱ ያመልጣል፣ ጠርዙን አስተካክይ። ደግሞ ምጣዱን በማራዘሚያ ገመድ አትሰኪው፤ ወደ 16 አምፔር ስለሚስብ ቀጭኑ ገመድ ይቀልጣል።

ጥያቄ (ከግሽ ዓባይ)፦ ወጥ የምሠራው በከሰል ነው። ላቀች ምድጃ ብገዛ ይበቃል?

መልስ፦ ግዢው፤ ላቀች ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ነው፣ ከቆርቆሮው ምድጃ ጋር ሲተያይ ከሰሉን በሩብ ያህል ይቀንሳል። በተለመደው የአፈር ክምር 1 ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ስለሚያልቅ፣ የምታተርፊው እፍኝ ከሰል ጫካው ላይ ብዙ ነው። ከምድጃው የበለጠ የሚያተርፈው ግን ድስቱን ከእሳት አውርዶ በራሱ ሙቀት ማብሰል ነው። ለዚህ ደግሞ ባሕር ዳር የታደለች ናት፤ ከፎገራ የሩዝ መፈልፈያዎች የሚወጣው ገለፈት ሙቀት በመያዝ የሚወዳደረው ጥቂት ነው።

ካርቶን ወይም ሰፊ ቅርጫት ያዢ። ገለፈቱን በፀሐይ አድርቀሽ በጨርቅ ከረጢት ስፊው። ከሥር፣ ከዙሪያና ከላይ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ቁሌቱን እሳት ላይ ጨርሺ፣ ውኃውንና ምስሩን ጨምረሽ 5 ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ፣ ከዚያ ክዳኑን ሳትከፍቺ ወደ ቅርጫቱ። ምስር በ1 ሰዓት ይደርሳል። ሩዝም ከ5 ደቂቃ ፍላት በኋላ 45 ደቂቃ ይበቃዋል፤ እንፋሎቱ ስለማይጠፋ ለ1 ኩባያ ሩዝ 1 ኩባያ ተኩል ውኃ አድርጊ። ሲነከር ያደረ ሽምብራ 20 ደቂቃ ፈልቶ 3 ሰዓት ይቀመጣል። ከተማችን 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውኃው የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቆላ አገር የተጻፈ ሰዓት እዚህ ያጥርብሻል።

የማይሠራበት ምክንያት ሁለት ነው። አንዱ ድስቱ ግማሽ ብቻ ሲሆን ነው፤ ትንሽ ወጥ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ይሙላ። ሌላው ገለፈቱ ሲረጥብ ነው። በክረምት በየሳምንቱ አድርቂው። ከማቅረብሽ በፊት ወጡን አንድ ጊዜ አፍልተሽ አውጪ።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ ቀይ ቦሎቄም ይሆናል?

መልስ፦ ዝም ብሎ አይሆንም፤ በዝግታ ሙቀት ብቻ ከበሰለ ያስታውካል። አሳድረሽ ነክረሽ ውኃውን ድፊው፣ በአዲስ ውኃ 30 ደቂቃ በኃይል አፍዪና ከዚያ አስገቢው።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ እንጀራዬ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። የሻገተውን ቆርጬ ቀሪውን ድርቆሽ ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ አትችዪም። ሻጋታው ከሚታየው ቦታ አልፎ ሥር ሰዷል፣ መርዙም በፀሐይ አይጠፋም። ለዶሮም አትስጪው፤ ወደ ብስባሹ (የልጣጭና የቅጠል ማዳበሪያው) ይግባ። ድርቆሽ የሚሆነው ገና ያልሻገተ ትርፍ ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ የተረፈውን ቆራርሰሽ በሰፌድ ላይ አስጪው፤ ሲሰበር ቀጭ ካላለ አልደረቀም። መሻገቱን የሚያፋጥነው ትኩሱን መደራረብና በፌስታል መጠቅለል ነው። እያንዳንዱ ሰፌድ ላይ ይቀዝቅዝ፣ መሶቡም በየሳምንቱ ፀሐይ ይግባ።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ የቡና ዝቃጭ፣ የሎሚ ልጣጭና የአሳ ሆድ ዕቃ አለን። ብስባሽ እንዴት ልሥራ?

መልስ፦ ጋሼ፣ የአሳውን ይለዩት። 50 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ከሙዙ ወይም ከፓፓያው ግንድ 1 ሜትር ርቀት ላይ ይቅበሩት፤ ጥልቀቱ ካነሰ ውሻ ያወጣዋል። ለቀሪው 20 ሊትር ባልዲ ከሥሩና ከጎኑ በስተው፣ ለአንድ እጅ ልጣጭ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠልና የጤፍ ጭድ ይጨምሩ። የሩዝ ገለፈት አይተካውም፤ ለመበስበስ ብዙ ይቆያል። በጭብጥዎ ሲጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ቢያወጣ እርጥበቱ ልክ ነው። ከሸተተ ውኃ በዝቷልና ጭድ ጨምረው ያገላብጡት፣ ጉንዳን ከወረረው ደርቋል። በየሳምንቱ ቢገላበጥ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሳይከደን አይሆንም፣ ዝናቡ ፍሬ ነገሩን አጥቦ ይወስደዋል። አመድ የሚጨምሩ ከሆነ ጭብጥ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ (ከፋሲሎ)፦ እምቦጭ ከሐይቁ አምጥቼ ብጨምርበትስ?

መልስ፦ እባክሽ አታድርጊው። ዘሩ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል፣ የባልዲ ብስባሽ ደግሞ ዘር የሚገድል ሙቀት አያወጣም። በክረምት ጎርፍ ዘሩን ወደ ቦይ፣ ቦዩም ወደ ጣና ይመልሰዋል። ሐይቁን ለመርዳት ከፈለግሽ እጣቢሽ ላይ በርቺ፤ እምቦጭ የሚፋፋው ከሳሙናና ከምግብ ትርፍ በሚገባ ፎስፈረስና ናይትሮጂን ጭምር ነው። ሳህኑን ከማጠብሽ በፊት ትርፉን በእንጀራ ቁራሽ ጥረጊው፣ ሳሙናውንም ገንዳ ውስጥ በጥብጠሽ እጠቢበት፣ በየሳህኑ አታፍስሺ።

ጥያቄ (ከግሽ ዓባይ)፦ አሳ የጠበስኩበትን ዘይት የት ልድፋው? ድስቱን በአመድ ብፈትገውስ?

መልስ፦ ቦይ ውስጥ አይደፋም፤ ይረጋና ይደፍነዋል። አጥልለሽ በጠርሙስ፣ ከብርሃን ርቆ ይቀመጥ፣ ለአሳ ብቻ አንድ ሁለቴ ይደገማል። ከጠቆረ፣ ካረፋ ወይም ገና ሳይግል ከጨሰ አበቃ። ያንን በሰጋቱራ አስመጥጪውና ከቤት ውጪ እሳት መለኮሻ ይሁንሽ። አመዱ ለብረት ድስት ጥሩ ነው፣ ቅባቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። አሉሚኒየም ድስት ላይ ግን አትጠቀሚበት፤ ብረቱን ይበላዋል፣ ያጠቁረዋልም።