መልስ፦ ቀይ ጭቃ ለምን ይለያያል?
ወንድሜ፣ «ቀይ ጭቃ ማዕድኑ አንድ ሆኖ ፋብሪካው ሲለያይ ለምን ይለያያል?» ብለህ ጠይቀሃል። እንደ እኔ ጎንደሬ ከሆንክ መልሱ ከጓዳህ አይርቅም። እናቴ አዘዞ ጠላ ስትጠምቅ ብቅሉና ጌሾው ያው ሆኖ፣ አሻሮው ጠቆር ብሎ ከተቆላ አተላው ሌላ መልክ ይይዛል።

ቀይ ጭቃም የቦክሳይት (አሉሚኒየም የሚወጣበት ማዕድን) አተላ ነው፤ ማዕድኑ በትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ አሉሚናው (አሉሚኒየም የሚሠራበት ውህድ) ሲሟሟ የሚቀረው ማለት ነው። ጊብሳይት የተባለው የአሉሚና ዓይነት ለበዛበት ማዕድን 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይበቃል፤ ቦህማይት የተባለው ሌላው ዓይነት ግን ከ200 በላይ ይፈልጋል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ዝቅ ባለው ሙቀት ብዙም የማይነካው ኳርትዝ (አሸዋ ውስጥ ያለው ሲሊካ) ሙቀቱ ሲያይል መሟሟት ይጀምራል። የሟሟው ሲሊካ ሶዳና አሉሚና ይዞ ሶዳላይት የተባለ ጠጣር ይሆንና ከጭቃው ጋር ይወርዳል፤ ውድ ሶዳህ አብሮ ተደፋ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ጭቃው ውስጥ ስለሚቀረው ብረት ያወራል እንጂ፣ ለእኔ ዋናው ኪሳራ ይህ ነው። ኖራ ሲጨመር የሶዳው ብክነት ይቀንሳል፤ ኖራው ግን በፈንታው ጥቂት አሉሚና ይይዛል። ኖራና ከፍተኛ ሙቀት ሲገናኙ ደግሞ ጎይታይት የተባለው የብረት ማዕድን ወደ ቀዩ ሄማታይት ይለወጣል፤ ጭቃው ይበልጥ ቀይ ሆኖ ቶሎ ይዘቅጣል።

ሶዳውን ከጭቃው የሚያስለቅቀውን እጥበትም አትርሳ። በደንብ ያልታጠበ ጭቃ ፒኤቹ (የአልካሊነቱ መለኪያ) ከ12 ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሃንጋሪ ውስጥ አይካ ላይ የቀይ ጭቃ ማጠራቀሚያው ግድብ ሲደረመስ የሰው ቆዳ ያቃጠለው ይኸው ሶዳ ነበር። የእናቴን አተላ እንኳ ላሟ ትጠጣዋለች።