«ልብ ማለት» በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ብቻ ነውን?

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛ ስተረጉም «ኖቲስ»፣ «አቴንድ»፣ «ሂድ» (heed) እና «ማይንድ» የሚሉትን ግሶች ሁሉ «ልብ ማለት» ወይም «ትኩረት መስጠት» እያልኩ አልፋቸዋለሁ። በእርግጥ ትርጉማቸው አንድ ነው? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አንድ አይደለም። «ኖቲስ» ሰው አስቦበት የሚያደርገው ነገር ላይሆን ይችላል፤ በሩ ክፍት መሆኑን ድንገት ያየ ሰው «ኖቲስ» አደረገ ይባላል፤ እኛም «አላስተዋልኩም» ስንል የምንክደው ይህንኑ ነው። «አቴንድ» ግን «ወደ አንድ ነገር መዘርጋት» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግስ የመጣ በመሆኑ፣ ሐሳብን ወደ ጉዳዩ አቅንቶ ማቆየትን ያመለክታል። «ቱ» ሲከተለው ጉዳይን መከታተል ወይም ሕመምተኛን መንከባከብ ሲሆን፣ ያለ «ቱ» ደግሞ ስብሰባ ላይ መገኘት ብቻ ነው፤ ተገኝቶ ማንቀላፋትን አይከለክልም።

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው «ሂድ» በሚለው ላይ ነው (በፊደላችን ሲጻፍ ከአማርኛው ትእዛዝ ጋር አንድ መምሰሉ አያሳስትዎ)። ይህ ቃል ምክርን ወይም ማስጠንቀቂያን ተቀብሎ በዚያው መሠረት ማድረግ ማለት ነው። የ«ቁም» ምልክትን አይቶ ያለፈ ሹፌር «ኖቲስ» አድርጓል፣ «ሂድ» ግን አላደረገም። አማርኛ ይህን ሐሳብ የሚገልጸው በ«ሰማ» ነው፤ «ይህ ልጅ አይሰማም» የምትል እናት የልጇ ጆሮ ታመመ ማለቷ አይደለም። ስለዚህ «ትኩረት ሰጠ» ከማለት ይልቅ «ምክሩን ሰማ» ቢሉ ወደ ቃሉ ይበልጥ ይቀርባሉ። በአንጻሩ «ምክሬን አልሰማም» የሚለውን በ«ሂር» ቢመልሱት፣ እንግሊዛዊው አንባቢ ድምፅዎ ያልደረሰው ሊመስለው ይችላል። «ሂድ» የመጻሕፍት ጠባይ ያለው ቃል ስለሆነ በዕለት ንግግር «ሊስን» ይተካዋል።

«ማይንድ» ጥንቃቄን ይጨምራል። በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚሰማው «ማይንድ ዘ ጋፕ»፣ በባቡሩና በመሳፈሪያው መካከል ካለው ክፍተት ተጠንቀቁ ማለት እንጂ ክፍተቱን አስተውሉ ማለት ብቻ አይደለም። ይኸው ግስ በጥያቄ ሲመጣ ግን «ቅር ይልዎታል?» ይሆናል፤ በመሆኑም መስኮቱን እንዲከፍቱ «ዉድ ዩ ማይንድ» ብሎ ለሚጠይቅዎ ሰው በእሺታ «የስ» ካሉት ቅር እንዳለዎት ሊቆጥረው ይችላል፤ የፈቃድ መልሱ «ኖ» ነው።