ደመወዝ አንድ ላይ፣ ሰርቪስ በየሼዱ፦ የሐዋሳ ጥያቄና መልስ

መልስ የሚሰጡት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር ሊቀ መንበር የነበሩ ጋሼ ናቸው። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ናቸው፤ ሼድ የሚሉት የሚሠሩበትን የፋብሪካ አዳራሽ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በሼዳችን ማኅበር ለመመሥረት ስንት ሰው ያስፈልጋል?
መልስ፦ ቢያንስ 10 አባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን እዩ። የምሥረታው ቃለ ጉባዔ ይፈረም!

ጥያቄ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነን። እኛስ?
መልስ፦ ይህ አዋጅ እናንተን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ ከአሠሪ ጋር ማን ይደራደር? እኛ ወይስ ማኅበራቱን የሚያቅፈው ፌዴሬሽን?
መልስ፦ ይቺን ስጠብቅ ነበር። ሰርቪስ ዘገየ፣ ሱፐርቫይዘሩ ተሳደበ፣ ሽንት ቤት መሄድ ተከለከለ። ይህን የምታውቀው ማሽኑ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው አይደለም። እዚያው ሼድ ውስጥ ጨርሱት።

ደመወዝ ግን ለብቻ አይሆንም። አንድ ሼድ ጭማሪ ሲጠይቅ ማናጀሩ ጎረቤቱን ያሳያል። ጎረቤቱም እናንተን ያሳያል። በዚህ መሀል ሁላችሁም ባላችሁበት ትቀራላችሁ። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስታስወጣ ምቱ ሼድ አልመረጠም። እናንተስ ለምን ተነጣጥላችሁ ትጠይቃላችሁ? ሕጉ ማኅበር ከአንድ በላይ አሠሪ ጋር እንዲደራደር ይፈቅዳል። ፌዴሬሽኑ ባለሙያና ጠበቃ ያምጣ። ጥያቄው ግን ከየሼዱ ድምፅ ተሰጥቶበት፣ በቃለ ጉባዔ ይውጣ። ያለዚያ ከላይ የተፈረመውን ታች ያለው "የኔ አይደለም" ይላል።

አንዲት አባል፦ ፌዴሬሽን የሚታየን መዋጮ ሲቆረጥ ብቻ ነው።
ሌላዋ፦ አንቺ ስትባረሪ ጠበቃ ማን አቆመልሽ?
የመጀመሪያዋ፦ እሱ ሌላ ነገር ነው።
ሌላዋ፦ እንዴት ሌላ ይሆናል? በማኅበር ምክንያት ነው ያባረሩሽ!
መልስ፦ ልጆች፣ ይህን ቡና ላይ ጨርሱት። በማኅበር አባልነት ማባረር በሕግ ክልክል ነው፤ አለቀ። መዋጮውም የሚቆረጠው ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ፈርመሻል አይደል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እስቲ ስለ ማኅበር ትንሽ ይንገሩን።
መልስ፦ ምኑን? እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ ማኅበር ለመመሥረት ስንት ሰው ነው?
መልስ፦ ኧረ ከላይ አንብቡ!

ጥያቄ፦ ፌዴሬሽኑ ከዘገየ ሰኞ ሥራ ብናቆምስ?
መልስ፦ ሰኞማ አይሆንም። ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ አብላጫው መደገፍ አለበት። ከዚያ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ለአሠሪውም ለመንግሥትም ይሰጣል። የዚያ ስብሰባ ቃለ ጉባዔ ከሌላችሁ እኔን አትጥሩኝ።